ከማህፀን ጠረጋ በኋላ፣ ጣና ዳር

ጠረጋ፣ ከማህፀን በር ናሙና መውሰድ፣ ቅድመ ካንሰርን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ማከም፦ ሐኪሞች «ቀላል» የሚሏቸው እነዚህን ነው። አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ያልቃሉ። ሴትየዋም በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። ማደንዘዣ ከወሰደች ግን ባጃጅ ውስጥ ብቻዋን ባትሳፈር ጥሩ ነው።

ከጠረጋ በኋላ ለጥቂት ቀናት እንደ ወር አበባ ያለ ቁርጠት ይኖራል። ደሙ እየቀነሰ እስከ 2 ሳምንት ሊታይ ይችላል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ዋናው ጥንቃቄ ብልት ውስጥ ምንም አለማስገባት ነው። የማህፀን በር ለጊዜው ከፈት ስለሚል ጀርም መግቢያ ያገኛል። ስለዚህ ለ1 ወይም ለ2 ሳምንት ግንኙነት የለም፤ በቅዝቃዜ የታከመች እስከ 4 ሳምንት ትታገሣለች፤ ውሃ የመሰለ ፈሳሽም ይበዛባታል። ውስጥ ድረስ መታጠብ ክልክል ነው። ገላን በላይ በላይ መታጠብ ችግር የለውም።

ባሕር ዳር ላይ ፈተናው እዚህ ጋ ይመጣል። ሐይቁ ደጃፍ ነው፤ ጠበሉም ቅርብ ነው። ጠበል መጠጣትና መረጨት ሌላ፣ ገንዳ ውስጥ መዘፈቅ ሌላ። ጣና ቢልሃርዚያም ስላለበት ያለ ጠረጋውም መዋኘቱ አይመከርም። ወይባ መሞቅ ደግሞ አለ። ለአራስ የለመዱ እናቶች «ብርዱን ያወጣልሻል» ይላሉ። ደም እየፈሰሰ ሙቀት ላይ መቀመጥ ግን ሊያዞርና ደሙን ሊጨምር ይችላል።

ምግቡ ላይ እናቶች ትክክል ናቸው። ጤፍ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ከተገኘም ሥጋ ይበላ። ቡናው ብረት እንዳይመጠጥ ስለሚያደርግ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ። ጎረቤት አፍልቶ ሲጠራ እምቢ ማለት ከባድ መሆኑ ይገባኛል።

የሚያሳዝነው ዝምታው ነው። ብዙዋ «ሆዴን አሞኝ ነበር» ብላ ታልፈዋለች። ያላወቀ ሰው ደግሞ ሥራ አያቀልላትም፤ በማግስቱ ጀሪካን ትሸከማለች።

የወር አበባ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። እንቁላል ግን ከዚያ ቀድሞ፣ በ2 ሳምንት ውስጥም ሊለቀቅ ይችላል። ማርገዝ ስለሚቻል «ገና አልመጣብኝም» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም።

በሰዓት 2 ሞዴስ እየረጠበ 2 ሰዓት ከዘለቀ፣ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ፈሳሹ ከሸተተ፣ ሕመሙ ከባሰ ወይም ራስን የሚያስት ከሆነ «ነገ አያለሁ» የለም፤ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ ካልሆነም የቅርቡ ጤና ጣቢያ። ደቅ ደሴት ለምትኖር ሴት ጀልባ በሌሊት አይገኝላትምና የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ከተማ ውስጥ ዘመድ ቤት ብታድር ይሻላል።