ስለ ኒኮባራውያን የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሕንድ ውቅያኖስ የሚገኙት የአንዳማን እና የኒኮባር ደሴቶች በሕንድ አስተዳደር በአንድ ስም ተጣምረው ስለሚጠሩ ነዋሪዎቻቸው አንድ ሕዝብ የሚመስሏቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ስለ ኒኮባራውያን የሚነገረው አብዛኛው ስሕተትም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ወደ ደሴታቸው የሚጠጋን እንግዳ በቀስት የሚገድሉት ኒኮባራውያን ናቸው ይባላል። በ2018 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ የተገደለባት ሰሜን ሴንቲኔል ግን የአንዳማን ደሴት ናት፤ ሁለቱን የደሴት ስብስቦች የሚለየው ባሕርም 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ኒኮባራውያን በአንጻሩ ኮኮናታቸውን ለመርከበኞች ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። ከ1756 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዴንማርክ፣ ከ1868 እ.ኤ.አ. በኋላ ብሪታንያ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ጃፓን ደሴቶቹን ይዘዋል።

ቋንቋቸው የሂንዲ ወይም የአንዳማን ዘዬ ነው የሚለውም ትክክል አይደለም። ከክመርና ከቬትናምኛ ጋር በኦስትሮኤሽያዊ የቋንቋ ቤተሰብ ውስጥ የሚመደብ ሲሆን፣ አንድ ቋንቋም አይደለም፤ የካር ኒኮባር፣ የቾውራ፣ የቴሬሳ፣ የናንኮውሪና የደቡብ ደሴቶች ሰዎች ቋንቋቸው የተለያየ ነው። የካር ኒኮባር ቋንቋ የሆነው ካርኛ ከአማርኛ በተለየ ግሥን ወደ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሳይሆን ወደ መጀመሪያው ያመጣል። በናንኮውሪ አካባቢ የሟችን ስም መጥራት ነውር ስለነበር፣ ስሙ የዕለት ተዕለት ቃል ከሆነ ቃሉም አብሮ ይተውና በሌላ ይተካ ነበር፤ እንዲህ ያለው ልማድ የቃላትን ሀብት ምን ያህል በፍጥነት ሊለውጥ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ጽሑፍ የላቸውም የሚሉም አሉ። ካርኛ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ በኋላ በሕንድ ፓርላማ የተቀመጡት ኒኮባራዊው ጳጳስ ጆን ሪቻርድሰን አዲስ ኪዳንን ወደዚሁ ቋንቋ ተርጉመዋል። ዛሬ አብዛኛው ሕዝብ ክርስቲያን ነው፤ ጥቂት ሙስሊሞችም አሉ።

በታላቁ ኒኮባር ጫካ ውስጥ በአደንና በለቀማ የሚኖሩት ጥቂት መቶ ሾምፔኖችም ከኒኮባራውያን የተለዩ፣ ራሳቸውን የቻሉ ሕዝብ ናቸው።

በታኅሣሥ 2004 እ.ኤ.አ. የደረሰው ሱናሚ ሕዝቡን አጥፍቶታል የሚለው ወሬ ደግሞ ከሁሉም የራቀ ነው። ሺዎች ሞተዋል፣ መንደሮች ተጠራርገዋል፤ ሆኖም በ2011 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ ከ27,000 በላይ ኒኮባራውያን ተመዝግበዋል። በእኔ እይታ ብዙም ያልተነገረለት ጉዳት ከማዕበሉ በኋላ የመጣው ነው፦ መሬቱ፣ ኮኮናቱና አሳማው የሚያዘው «ቱሄት» በሚባለው ሰፊ የዘመድ ቤተሰብ ሆኖ ሳለ፣ የመንግሥት ካሳና መጠለያ የተሰጠው ለባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር፣ በየጎጆው ተነጣጥሎ ነበር።