ስለ ኢማኑኤል ስታንስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወታደሮቹ ጥቁሮች በነበሩት በአሜሪካ የዘጠነኛው ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ሃምሳ አለቃ የነበረው ኢማኑኤል ስታንስ በብዙ ሰዎች ዘንድ የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት፣ የክብር ሜዳልያን፣ የተሸለመ የመጀመሪያው ጥቁር ወታደር እንደሆነ ይታመናል። ይህ ትክክል አይደለም፤ በ1860ዎቹ (እዚህ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) የእርስ በርስ ጦርነት የተሰለፉ ጥቁሮች ይህን ሽልማት ከእርሱ ቀድመው ወስደዋል። ስታንስ ቀዳሚ የሆነው ከዚያ ጦርነት በኋላ በምዕራቡ ጠረፍ በተካሄዱ ውጊያዎች ከተሸለሙት ጥቁሮች መካከል ነው።

ሽልማቱን ያገኘው በአንድ ታላቅ ዘመቻ ላይ ነው የሚለውም ከእውነታው ይርቃል። ግንቦት 20 ቀን 1870 በቴክሳስ ከሚገኘው ከፎርት ማካቬት የጦር ሰፈር ጥቂት ወታደሮችን አስከትሎ ወደ ኪካፑ ስፕሪንግስ ለቅኝት ወጣ፤ በመንገድም ፈረሶችን እየነዱ የሚሄዱ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተዋጊዎችን ሲያይ ወዲያው ሰዎቹን ይዞ በመጋለብ ገጠማቸው፤ እነርሱም ዘጠኝ ፈረሶች ትተው ሸሹ። በመልስ ጉዞው የመንግሥትን መንጋ ሊወስዱ ከተነሱ ሌሎች ተዋጊዎች ጋር በድጋሚ ተታኮሰ። ድርጊቱ ድፍረትን የጠየቀ መሆኑ አያከራክርም፤ ይሁን እንጂ ያባረራቸው ሰዎች ምድራቸው ከእጃቸው እየወጣ የነበረ ነባር ሕዝቦች መሆናቸውን ሳይጠቅሱ ጀግንነቱን ብቻ መተረክ፣ በእኔ እምነት፣ ታሪኩን ያጎድለዋል።

ጥቁር ፈረሰኞች ከነጮቹ ያነሰ ደሞዝ ይከፈላቸው ነበር የሚባለው ከእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ጋር የተምታታ ነው። በ1866 ክፍለ ጦሩ ሲቋቋም ተራ ወታደር ሁሉ፣ ጥቁርም ሆነ ነጭ፣ እኩል ደሞዝ ይከፈለው ነበር። ልዩነቱ በማዕረግ ላይ ነበር፤ መኮንኖቹ ነጮች ነበሩ፤ ከዌስት ፖይንት የጦር መኮንኖች ትምህርት ቤት የተመረቀው የመጀመሪያው ጥቁር ሄንሪ ፍሊፐር እንኳ የወጣው በ1877 ነው።

ስታንስን እንከን የለሽ ወታደር አድርጎ መሳልም ልክ አይደለም። ከሉዊዚያና በ1866 የተቀጠረው ይህ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የነበረ ሰው፣ ማንበብና መጻፍ በመቻሉ በፍጥነት ማዕረግ ቢያገኝም፣ በጠብ ምክንያት ማዕረጉን ከአንድ ጊዜ በላይ ተገፏል፤ መልሶም አግኝቷል። በጠላት እጅ ተገደለ የሚለው ግምትም ስህተት ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን 1887 በኔብራስካ ከፎርት ሮቢንሰን የጦር ሰፈር ወደ ክራውፎርድ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ጥርጣሬው ያረፈው በጥብቅነቱ በተማረሩት በራሱ ሻምበል ወታደሮች ላይ ቢሆንም፣ በግድያው የተፈረደበት ሰው የለም።