የጤና መድን በሜሪላንድ፦ የመንግሥትና የግል አማራጮች

በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት ነዋሪ የጤና መድን የሚያገኝበት በር አንድ አይደለም። አንዱ በአሠሪው በኩል፣ ሌላው ለዝቅተኛ ገቢ በተዘጋጀው የመንግሥት መድን በሜዲኬይድ፣ አረጋዊው ለአረጋውያን በተዘጋጀው በሜዲኬር ይሸፈናል፤ የቀረው ከግል ኩባንያ በራሱ ይገዛል። የትኛው በር ለማን እንደሚከፈት የሚወስኑት ገቢ፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛትና የመኖሪያ ፈቃድ ናቸው። በሲልቨር ስፕሪንግና በዙሪያው ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ብዙ ጊዜ እንቅፋት የሚሆነው ይኸው የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ነው።

ሜዲኬይድ እ.ኤ.አ. በ1965 በሕግ የተቋቋመ፣ ወጪውን የፌዴራሉና የግዛቱ መንግሥታት የሚጋሩት መድን ነው። ሜሪላንድ የ2010ሩን የጤና ሕግ ተከትላ ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 138 በመቶ የማይበልጥ አዋቂዎችን አካታለች። ጣሪያው ለነፍሰ ጡሮች 264፣ ለልጆች 322 በመቶ ስለሚደርስ፣ ወላጆቹ ራሳቸው የማያሟሉ ልጅ መብቱ ተጠብቆ ሊገኝ ይችላል። አብዛኛው ተመዝጋቢ በ1997 በተጀመረው ሄልዝቾይስ በተባለው አሠራር ከግል ድርጅቶች አንዱን መርጦ ይታከማል፤ በካርዱ ላይ የኩባንያ ስም ስለሚያይም የያዘው የመንግሥት መድን መሆኑን የማያውቅ ሰው ጥቂት አይደለም።

በዲቪ ወይም በቤተሰብ ግሪን ካርድ ያገኘ አዋቂ ለሜዲኬይድ በአብዛኛው አምስት ዓመት ይጠብቃል። በሜሪላንድ ይህ የመጠበቂያ ጊዜ በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን አይመለከትም። ከጁላይ 2023 ወዲህ ደግሞ የገቢ መስፈርቱን የምታሟላ ነፍሰ ጡር ምንም ፈቃድ ባይኖራት እንኳ በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ ለአራት ወራት ትሸፈናለች። በአንጻሩ በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ የስደተኞችንና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን የሜዲኬይድ መብት ያጠብባል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ልጆቻቸው ያመጧቸው ወላጆች ሁኔታ ነው። ዕድሜያቸው 65 ቢያልፍም፣ በአሜሪካ ሠርተው ግብር ስላልከፈሉ ሜዲኬርን በክፍያ ለማግኘት እንኳ አምስት ዓመት በተከታታይ መኖር አለባቸው። እስከዚያ ድረስ የግል መድን መግዛት ይችላሉ፤ ለዚህም ሕጋዊ ነዋሪነት ካገኙበት ቀን አንሥቶ 60 ቀን ይሰጣቸዋል። ለወራት የሚበቃ የደም ግፊት ኪኒን በሻንጣቸው ይዘው የመጡ እናት ኪኒኑ ሳያልቅ ይህ ቀን ሊያልቅባቸው ስለሚችል፣ ልጆቻቸው የምዝገባውን ነገር ከመምጣታቸው በፊት ቢያስቡበት ይበጃል።

የግል መድን፣ መንግሥት እንደ ገቢው መጠን ለአረቦኑ (ለመድኑ ወርኃዊ ክፍያ) ከሚሰጠው ድጎማ ጋር፣ የሚገዛው ሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን በተባለው የግዛቱ ገበያ ነው። ገበያው በኦክቶበር 2013 ሲከፈት የኮምፒውተር ሥርዓቱ ክፉኛ በመበላሸቱ ግዛቱ በዓመቱ የኮኔቲከትን ሥርዓት ወስዶ ተክቶታል። ኬርፈርስትና ካይዘር ፐርማኔንቴ በዚህ ገበያ ከሚሸጡት ኩባንያዎች መካከል ናቸው። ዕቅዶቹ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅና ፕላቲነም ተብለው በደረጃ ይመደባሉ። የነሐሱ ወርኃዊ አረቦን ዝቅ ያለ ቢሆንም ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ፣ ከፍተኛ ነው። ገቢው ከድህነት መስመሩ 250 በመቶ ለማይበልጥ ሰው የብሩ ዕቅድ ዲዳክቲብልና ኮፔይ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሕክምና ታካሚው የሚከፍለው ድርሻ፣ ይቀነስለታል፤ ስለዚህ አረቦኑን ብቻ አይቶ ነሐስ መምረጥ ብዙ ጊዜ ያስከፋል።

የታክሲና የኡበር አሽከርካሪዎች የአሠሪ መድን ስለሌላቸው ወደዚህ ገበያ ይመጣሉ። በማመልከቻው ላይ የሚሞላው ከተሳፋሪ የተሰበሰበው ጠቅላላ ገንዘብ ሳይሆን የመኪናና ሌሎች የሥራ ወጪዎች ተቀንሰው የሚቀረው የተጣራ ገቢ ነው። ጠቅላላውን የሞላ ሰው የሚገባውን ድጎማ፣ አንዳንዴም ሜዲኬይዱን ያጣል። ገቢውን አሳንሶ የገመተ ደግሞ በታክስ ጊዜ ከሚገባው በላይ የወሰደውን ድጎማ ይመልሳል፤ ከ2026 የታክስ ዓመት ጀምሮ የተመላሹ ጣሪያ ስለተነሣ መጠኑ ከባድ ሊሆን ይችላል።

መድን ለሌለው ሰውም ሕክምናው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ከ1971 ጀምሮ የሆስፒታል ክፍያን የሚወስን ኮሚሽን ያላት ሜሪላንድ፣ ገቢያቸው ከድህነት መስመሩ 200 በመቶ ለማይበልጥ ታካሚዎች ሆስፒታሎች አስፈላጊውን ሕክምና በነጻ፣ እስከ 300 በመቶ ላሉት ደግሞ በቅናሽ እንዲሰጡ ታስገድዳለች። ይህን ለማግኘት የክፍያ መጠየቂያው ከመጣ በኋላም ቢሆን የሆስፒታሉን የክፍያ ክፍል የእርዳታ ማመልከቻ ቅጽ መጠየቅ ይቻላል፤ እንግሊዝኛ ለሚከብደው ሰውም የአማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲቀርብለት መጠየቅ መብቱ ነው።