ጠቅልሎ ሲገቡ መኪናስ? ከጅቡቲ ወደብ እስከ ደብረ ብርሃን

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባሕር ማዶ ዘመድ የሌለው ቤት መፈለግ ያስቸግራል። አንዱ ሳውዲ ነው፣ አንዷ ዱባይ፣ ሌላው አሜሪካ። አንድ ቀን ስልክ ይደወላል፤ «ጠቅልዬ ልገባ ነው፣ መኪናዬንም ይዤ ልምጣ?» ደብረ ብርሃን ያለው ወንድም ደስታው ይቀድመውና «አምጣት እንጂ!» ይላል። ቆይ ግን።

መጀመሪያ የሚጠየቀው መኪናዋ ምን ትጠጣለች የሚለው ነው። ቤንዚን ወይም ናፍጣ ከሆነ ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ይችላል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. አሳውቋል፤ እንዲህ ያለ ክልከላ በማውጣትም ኢትዮጵያ ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነዳጁ በዶላር ይገዛል፣ መብራቱ ግን ከራሳችን ውኃ ይመነጫል። ድሮ ጠቅሎ የሚመለስ ሰው መኪና ያለ ቀረጥ ያስገባ እንደነበር የሚያስታውሱ ታላላቆች አሉ፣ እሱን ወሬ ሰምቶ ኮንቴነር መጫን ግን ለጸጸት ነው። ዲፕሎማቶች የራሳቸው ሥርዓት ስላላቸው እነሱን እንለፋቸው።

ኤሌክትሪክ ከሆነች በሩ ክፍት ነው። በ2014 ዓ.ም. በወጣው ማበረታቻ መሠረት ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባ ኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ተጣለበት፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተፈታቶ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመው ደግሞ ዜሮ። ኤክሳይዝ፣ ሱርታክስና ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚባሉት ግብሮችም ያን ጊዜ ተነሱለት። ጠቅሎ የሚገባን ሰው የተመለከተው 15ቱ ነበር። እንዲህ ያለ ማበረታቻ ግን በመመሪያ የሚመጣና የሚሄድ ነገር ስለሆነ፣ መኪናዋ ከመጫኗ በፊት በዚያ ሳምንት የሚሠራበትን ልክ ከጉምሩክ መጠየቅ ነው።

ቀረጡ የሚሰላው በግዢ ዋጋ ብቻ አይደለም። የመርከቡና የኢንሹራንሱ ወጪ ይደመርበታል። ዋጋው ካነሰ «በርካሽ ነው የገዛኋት» ማለት ብቻውን አያሳምንም፤ ጉምሩክ የራሱ የዋጋ መረጃ አለው። ሌላው ምንዛሬ ነው። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። መኪናዋ ያው ናት፣ 15 በመቶውም ያው ነው፣ የሚከፈለው ብር ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ባለፈው ዓመት ዘመድ የከፈለውን ሰምቶ ማቀድ ለዚህ ነው የማያዋጣው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። እኔ የምለው፣ መኪና ከሚያስቸግረው በላይ የሚያስቸግረው ወረቀት ነው። ከአሜሪካ ለምትወጣ ያገለገለች መኪና ዋናው የባለቤትነት ወረቀት ከመውጣቷ ቢያንስ 72 ሰዓት በፊት ለአሜሪካ ጉምሩክ መቅረብ አለበት። የባንክ ዕዳ ካለባት አበዳሪው መውጣቷን መፍቀዱን በጽሑፍ መስጠት አለበት። ከዚያ የስም ነገር ይመጣል። እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነን፤ ውጭ አገር ደግሞ አያትየው የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቀመጣል፣ ወይም አባትና አያት ተጣብቀው ይጻፋሉ፣ ወይም ከፊደሎቹ አንዱ ይዘለላል። ፓስፖርቱ ላይ ሦስት ስም፣ የመኪናዋ ወረቀት ላይ ሁለት ከሆነ መስኮቱ ጋ የቆመው ሰው ለማስረዳት ያልበዋል። እዚያው እያሉ ማስተካከል ነው። በዚያ ላይ የስሪት ዘመን አለ፦ 2016 የተባለች መኪና የእነሱ 2016 ናት፣ በእኛ 2008 መሆኑ ነው፣ እዚህ ተራ ነገር ላይም ክርክር አይቻለሁ።

ባለቤቱ ራሱ ካልመጣ ውክልና ያስፈልጋል። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይሰጠዋል፣ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል። የቀረው የትራንዚተር፣ ማለትም የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው ሥራ ነው፤ ዲክላራሲዮን የሚባለውን የጉምሩክ መግለጫ የሚሞላው እሱ ነው። ትራንዚተር ሲመርጡ ፈቃዱን ይዩ እንጂ ወሬውን አይስሙ።

መኪናዋ ጅቡቲ ትወርድና አብዛኛውን ጊዜ ሞጆ ደረቅ ወደብ ትደርሳለች፣ ከዚያ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወረቀቱ ከመኪናዋ ኋላ ከቀረ ዲመሬጅ የሚባለው የመዘግየት ክፍያ በየቀኑ ይቆጥራል። ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪዋ አደገኛ ጭነት ተብሎ ስለሚመደብ መርከብ ላይ የተለየ ጥንቃቄ አላት፤ አንዳንዶቹ ጫኞች ቻርጁ ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ ይጠይቃሉ።

ምዝገባው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚመራ ነው። ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ዲክላራሲዮኑን፣ የውጭውን የባለቤትነት ወረቀትና መታወቂያ ይቀበላል። ከዚያ መርማሪው የሻንሲ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራል። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ወደ ጉምሩክ መመለስ ነው፣ ስለዚህ ዲክላራሲዮኑን እዚያው ሞጆ ቆሞ ቁጥር በቁጥር ማንበብ ብዙ ምልልስ ያስቀራል። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፣ በአዋጅ 799/2005። ሁሉ ሲሞላ ሊብሬና ሰሌዳ ይሰጣል፤ ለግል መኪና ኮድ 2 ስንል የኖርነው ሰማያዊው ነበር፣ እዚህ «አማ» የሚል ይዞ። ቦሎ በየዓመቱ ይታደሳል። የውጭ መንጃ ፈቃድም መቀየሩን አትርሱት፣ መኪናዋን አስመዝግቦ መንዳት ያልቻለ ሰው ያስቃል።

ኤሌክትሪክ መኪና ለሰሜን ሸዋ ትሆናለች ወይ? ብዙ ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው፣ ዳገቱ ግን አያሸንፋትም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር ጉልበት ያጣል፣ ኤሌክትሪኳ ግን አየር አትስብም። ከጣርማበር በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ከፍታው 2 ሺህ ሜትር ገደማ ይቀንሳል፣ ቁልቁለቱንም ሞተሩ እየያዛት ባትሪዋን መልሶ ይሞላል። የመመለሻው ዳገት ደግሞ ይበላዋል፣ እሱን አስቦ መነሳት ነው። ብርዱ ግን እውነተኛ ነገር ነው፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውጭ ያደረች ባትሪ ጠዋት ላይ የምትሄደው ርቀት ይቀንሳል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ሶኬቱ ነው። መንገዳችን ላይ የሚበዙት የቻይና መኪኖች ናቸው፣ ከአሜሪካ የመጣች መኪና የቻርጅ መግቢያዋ ከእነሱ ይለያል። ተስማሚ አዳፕተር ሳይያዝ ከተመጣ አደባባይ ያለው ቻርጀር ጌጥ ነው።

ከዚህ መኪናውን ይዞ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰውስ? የአውሮፓ ኅብረት ቢያንስ 12 ወር ከኅብረቱ ውጭ ለኖረና መኪናዋን 6 ወር ለተጠቀመባት ሰው ያለ ቀረጥ ያስገባል፣ ግን ለ12 ወር መሸጥ አይቻልም። እንግሊዝም ተመሳሳይ ሕግ አላት። አሜሪካ ግን ደረጃዋን ጠብቃ ያልተሠራች መኪና 25 ዓመት ካልሞላት ችግር ነው። ኬንያ ከ8 ዓመት በላይ ያረጀ መኪና አትቀበልም፣ መሪውም በቀኝ ነው። ለጉብኝት ብቻ ከሆነ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ የሚባለው ኢንሹራንስ ጅቡቲንና ኬንያን ጨምሮ በአባል አገሮች ይሠራል።