ቢልድ ፎልደር ምንድን ነው?

«ቢልድ ፎልደሩን እንዳትነኩት፤ አፑ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ካጠፋችሁት ደግሞ ላይብረሪው ሁሉ እንደ አዲስ ይወርዳል፤ ዳታችሁን ይበላዋል።» ይህን ምክር በልበ ሙሉነት ለጀማሪ የአንድሮይድ ተማሪ የሚሰጡ ሰዎች በዝተዋል። የመጀመሪያውም ሁለተኛውም ዓረፍተ ነገር ስህተት ነው። ምክሩን ያመነ ተማሪ በሜጋባይት የሚቆጠረውን ኮድ ጊጋባይት አሳክሎ በቴሌግራም ይልካል፤ ቢያስተካክሉት የማይጸና ፋይል ሲያስተካክል ይውላል፤ ከዚያም ብሶ ምትክ የሌለውን ፋይል እዚያው አስቀምጦ ያጣዋል።

ቢልድ ማለት ግሬድል (ኮዱን አፕ አድርጎ የሚገነባው ፕሮግራም) እናንተ ከጻፋችሁት ተነስቶ የሚያመርተው ሁሉ የሚጠራቀምበት ቦታ ነው። በእጅ የተጻፈ አንድም መስመር ሊኖርበት አይገባም።

ነገሩን እንደ ጠላ ጠመቃ ብታዩት ይቀላል። ጌሾው፣ ብቅሉና እህሉ «አፕ» ሥር ባለው «ኤስአርሲ» ፎልደር ውስጥ ነው፦ ኮዱ፣ «ሬስ» የሚባለው የምስልና የጽሑፍ ፎልደር፣ የአፑን ክፍሎችና ፈቃዶች የሚዘረዝረው ማኒፌስት። አሠራሩ የተጻፈበት ወረቀት «ቢልድ ዶት ግሬድል» ነው። ቢልድ ፎልደር ጋኑ ነው። ከፍታችሁ ብታዩት እንኳ ደረጃው አይጠፋችሁም፤ «ጄኔሬትድ» ጥንስሱ፣ «ኢንተርሚዲየትስ» ድፍድፉ፣ «አውትፑትስ» ተጠልሎ ለመጠጣት የደረሰው ጠላ ነው። ስልክ ላይ የምትጭኑት ኤፒኬ የሚገኘው በዚህ በመጨረሻው ውስጥ ነው። ጋን ደግሞ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፣ ለሚቀጥለው ጠመቃ ይዘጋጃል። ጋኑ ታጠበ ብሎ ጌሾዬ ጠፋ የሚል ጠማቂ የለም። የአሮጌው አተላ ሳይጸዳ ሲቀር ግን አዲሱ ጠላ ይበላሻል፤ ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት፣ አፓችሁ የሚጠቀምበት ኮድ) ከቀየራችሁ ወይም የአንድን ፓኬጅ ስም ካዛወራችሁ በኋላ ትርጉም የሌለው ኤረር የሚመጣባችሁ አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ነው።

«ቢልድ» እና «ቢልድ ዶት ግሬድል» ስማቸው መመሳሰሉ ብዙ ጥፋት አምጥቷል። አንዱ ጋን፣ ሌላው አሠራሩ ነው። ወረቀቱን አጥፍቶ ጋኑን ያስቀረ ሰው ፕሮጀክቱ የማይከፈትለት ለዚህ ነው። ከዌብ ሥራ የመጡ ሰዎች ግራ መጋባታቸውም ይገባል፤ እዚያ ቢልድ የሚባለው ፎልደር ወደ ሰርቨር የሚጫነው ራሱ ነውና። አንድሮይድ ላይ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ ለመጫን የሚፈለገው አንድ ፋይል ብቻ ነው።

ወደ ዳታው እንምጣ። ግሬድል ከኢንተርኔት ያወረደውን ላይብረሪ ፕሮጀክታችሁ ውስጥ አያስቀምጥም። ዊንዶውስ ላይ ሲ ድራይቭ፣ ዩዘርስ፣ ከዚያ በስማችሁ ያለውን ፎልደር ክፈቱ፤ ስሙ በነጥብ የሚጀምር «ግሬድል» የሚል ፎልደር አለ፤ ላይብረሪዎቹ በውስጡ «ካሽስ» ሥር ናቸው። ይህ ጎተራው ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያሉት ፕሮጀክቶች ሁሉ የሚቀዱት ከዚያ ነው። ጋን ማጠብ ጎተራ አያጎድልም። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ቀድሞ በዚያው ኮምፒውተር ቢልድ ሆኖ የሚያውቅ ፕሮጀክት ይውሰድ፤ ቢልድ ፎልደሮቹን ያጥፋ፤ ዋይፋዩን ይዝጋ፤ ተርሚናል ላይ የ«አሴምብልዲበግ»ን (የሙከራ ኤፒኬ የሚያወጣውን) ትእዛዝ ከሁለት ሰረዝ «ኦፍላይን» ጋር ይስጥ። ኤፒኬው ያለ ኢንተርኔት ይወጣል። የሚከፈለው ዋጋ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከጽዳት በኋላ የመጀመሪያው ቢልድ ከወትሮው ይረዝማል። ስለዚህ ኤረር በታየ ቁጥር ክሊን ማድረግም (ቢልድን በትእዛዝ ማጥፋትም) ልክ አይደለም፤ በኮዱ ውስጥ ያለ ስህተት በጽዳት አይለቅም።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ግሬድል ለ30 ቀን ያልተጠቀማችሁበትን የወረደ ፋይል ከጎተራው በራሱ ያጸዳል፤ ከወራት በኋላ አሮጌ ፕሮጀክት ስትከፍቱ ዳታ የሚበላባችሁ በዚህ ነው እንጂ በቢልድ አይደለም። ሪአክት ኔቲቭ በሚባለው የአፕ መሥሪያ ላይ ደግሞ «ኖድ ሞጁልስ» ፕሮጀክቱ ውስጥ ስለሚቀመጥ እሱን ማጥፋት እንደገና ሊያስወርድ ይችላል። ምናልባት ያ የተሳሳተ ምክር የተወለደው ከዚህ ይሆናል።

አሁን በእጅ ስለሚደረገው «ጥገና»። አፑን ፕሌይ ስቶር ላይ ስትጭኑ የማስታወቂያ መለያ (ስልኩን ለማስታወቂያ ሰሪዎች የሚለየውን ቁጥር) አንጠቀምም ብላችሁ ሞልታችኋል፤ አፕ የሚጫንበት ገጽ ፕሌይ ኮንሶል ግን ማኒፌስታችሁ የማስታወቂያ መለያውን ፈቃድ ይዟል ይላችኋል። የራሳችሁን ማኒፌስት ብታዩት የለም። ፍለጋው «ኢንተርሚዲየትስ» ውስጥ ያለ ሌላ ማኒፌስት ላይ ያደርሳችኋል፤ ፈቃዱ እዚያ አለ። መስመሩን ትሰርዛላችሁ፣ ቢልድ ታደርጋላችሁ፣ ተመልሶ ይመጣል። መመለሱ የግድ ነው፤ ያ ፋይል የእናንተን ማኒፌስት ከላይብረሪዎቹ ማኒፌስት ጋር ቀላቅሎ የወጣ ድፍድፍ ነው። ፈቃዱን ያስገባው የማስታወቂያ ወይም የአናሊቲክስ ላይብረሪ ነው። መፍትሔው ያለው በእናንተው ማኒፌስት ነው፦ የፈቃዱን መስመር እዚያ ጻፉና «ቱልስ ኖድ» የሚለውን «ሪሙቭ» አድርጉት፤ የ«ቱልስ»ን መግለጫም ከላይ ማኒፌስት በሚለው ታግ ላይ ጨምሩ። ቅልቅሉን ማየት ስትፈልጉ አንድሮይድ ስቱዲዮ ውስጥ ማኒፌስቱን ክፈቱና ከታች «መርጅድ ማኒፌስት» የሚለውን ትር ጫኑ።

አማርኛ ትርጉም የሚሠሩ ሰዎችም በዚሁ ይደክማሉ። አንድ የተሳሳተ ፊደል ለማረም በፋይል ፍለጋ ሲሄዱ ቢልድ ውስጥ «ቫልዩስ ኤኤም» የሚል ፋይል ያገኛሉ። እነሱ ያልጻፉት አማርኛም አለበት፤ የአንድሮይድኤክስ ላይብረሪዎች የራሳቸውን ትርጉም ይዘው ስለሚመጡ ነው። ትክክለኛው ቦታ «ሬስ» ሥር ባለው «ቫልዩስ ኤኤም» ውስጥ «ስትሪንግስ» የሚለው ፋይል ነው።

ከቢልድ ጋር በተያያዘ በእውነት ሊያስፈራችሁ የሚገባው ኪስቶር፣ ማለትም የፊርማ ቁልፋችሁ ያለበት ፋይል ነው። አፑን የምትፈርሙበትን ኪስቶር ከኤፒኬው አጠገብ ይመቻል ብለው አውትፑትስ ውስጥ የሚያስቀምጡ አሉ። አንድ ክሊን ይጠርገዋል። ኪስቶር ከምንም ጥሬ እንደገና አይጠመቅም። ጉግል የፊርማ ቁልፉን በሚይዝበት በፕሌይ አፕ ሳይኒንግ የተመዘገበ አፕ ከሆነ የመጫኛ ቁልፉ እንዲቀየር መጠየቅ ይቻላል፤ ካልሆነ በዚያው ስም ማሻሻያ ማውጣት አከተመ። ሌላው «ማፒንግ» የሚባለው የጽሑፍ ፋይል ነው። ኮዱን የሚያሳጥረውን አርኤይትን ካበራችሁ ለእያንዳንዱ ሪሊዝ አውትፑትስ ውስጥ ይወጣል፤ አፑ ተጠቃሚው ስልክ ላይ ሲወድቅ የሚመጣው ሪፖርት ያለ እሱ አይነበብም። ኮዱን ከቀየራችሁ በኋላ የሚወጣው ለአሮጌው ሪሊዝ አይሆንም። በኤኤቢ (ለፕሌይ ስቶር በሚላከው የአፕ ጥቅል) ስትጭኑ ፋይሉ አብሮ ይሄዳል፤ ኤፒኬ በቀጥታ የምታድሉ ከሆነ ግን ከእያንዳንዱ ሪሊዝ ጋር ቅጂውን ሌላ ቦታ አኑሩ።

ፍላተር የተባለውን የአፕ መሥሪያ የምትጠቀሙ ሰዎች «አንድሮይድ» ፎልደር ውስጥ ቢልድ ብታጡ አትደንግጡ፤ ፍላተር ሁሉንም ወደ ዋናው ፕሮጀክት ሥር ያዞረዋል። «ፍላተር ክሊን» ካላችሁ በኋላ «ፐብ ጌት» ማለት ያስፈልጋል፤ እሱም ፓኬጆቹ አንዴ ከወረዱ በኦፍላይን ይሠራል።

ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው) ላይ የሚደረገው ስህተት ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ቢልድ አንዴ ኮሚት ከተደረገ (ከተመዘገበ) በኋላ ጊትኢግኖር (ጊት የሚተዋቸው ፋይሎች ዝርዝር) ላይ ስሙን መጻፍ ብቻውን አያስወጣውም፤ መጀመሪያ «ጊት አርኤም»ን ከ«አር» እና ከ«ካሽድ» ጋር ሰጥታችሁ ከመዝገቡ ማውጣት አለባችሁ። ሁለተኛው፣ «ቢልድ» ብለው ኮከብ የሚያስከትሉ ሰዎች አሉ፤ ይህ ቢልድ ዶት ግሬድልንም ስለሚደብቀው ፕሮጀክቱን ያወረደ ጓደኛ አሠራሩ የሌለበት ጥሬ ይደርሰዋል። በዋናውና በ«አፕ» ሥር ባለው ጊትኢግኖር ከፊቱ እዝባር ያለው «ቢልድ» ይበቃል። እዝባሩ ከቀረ ኮዳችሁ ውስጥ ቢልድ የሚባል ፓኬጅ ቢኖር እሱም አብሮ ይቀራል።

ዚፕ አድርጋችሁ ለሰው ስትልኩ ከዋናውና ከ«አፕ» ሥር ቢልድን፣ ፕሮጀክቱ ውስጥ ያለውን በነጥብ የሚጀምር «ግሬድል»ን፣ እንዲሁም «ሎካል ፕሮፐርቲስ»ን አውጡ፤ የመጨረሻው የእናንተን ኮምፒውተር የኤስዲኬ (የአንድሮይድ መሥሪያ መሣሪያዎች) አድራሻ የያዘ ስለሆነ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ኤረር ሊያመጣ ይችላል። ነጥብ የሌለው «ግሬድል» ፎልደር ግን ይሂድ፤ የትኛው የግሬድል ቨርዥን እንደሚያስፈልግ የተጻፈው እዚያ ነው። ዊንዶውስ ቢልድን አላጠፋም ካላችሁ ፋይሉን የያዘው ብዙ ጊዜ ከጀርባ የሚሠራው ግሬድል ስለሆነ ለግሬድል የ«ስቶፕ» ትእዛዝ ስጡና እንደገና ሞክሩ።