በፈጣን ጀልባ ሞተር ላይ ታይሚንግ ምንድን ነው?

ካንዴላ እሳት የሚሰጠው ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ላይኛው ጫፍ ከደረሰ በኋላ አይደለም፤ ገና ወደ ላይ እየወጣ፣ የቤንዚንና የአየር ድብልቁን እያመቀ ሳለ ነው። ታዲያ እሳቱ የሚወጣውን ፒስተን ወደ ኋላ አይገፋውም? ድብልቁ እንደ ጥይት በአንድ ቅጽበት ቢነድ ኖሮ ይገፋው ነበር። ነገር ግን ነበልባሉ ከካንዴላው ጫፍ ተነስቶ የሲሊንደሩን ግድግዳ እስኪነካ ድረስ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይወስድበታል። ግፊቱ የሚጠቅመው ደግሞ ፒስተኑ ጫፉን አልፎ መውረድ ሲጀምር፣ ማለትም የፒስተኑን መውጣትና መውረድ ወደ ዙር የሚቀይረው ክራንክሻፍት ከጫፉ በኋላ 15 ዲግሪ ገደማ በዞረበት አካባቢ ጣራ ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ እሳቱ ቀድሞ መለኮስ አለበት። ምን ያህል ቀድሞ የሚለው ነው ታይሚንግ። የሚለካውም በሰከንድ ሳይሆን ፒስተኑ ጫፍ ላይ ለመድረስ ክራንክሻፍቱ በሚቀረው ዲግሪ ነው።

ለምን በዲግሪ? ክራንክሻፍቱ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ሲዞር በአንድ ሚሊሰከንድ 6 ዲግሪ ብቻ ይሄዳል። በ6,000 ዙር ግን በዚያችው ሚሊሰከንድ 36 ዲግሪ ይጓዛል። ነበልባሉ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ሁከት እየበዛ ሲሄድ ፈጠን ቢልም የሞተሩን ያህል አይፈጥንም። ስለዚህ ዙሩ ሲጨምር እሳቱም ይበልጥ መቅደም አለበት። በቆዩት ሞተሮች ይህንን የሚሠሩት እሳቱን ለየካንዴላው በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ውስጥ ያሉ በስፕሪንግ የተያዙ ትንንሽ ክብደቶች ናቸው፤ በአዲሶቹ ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ሞጁል ወይም ኮምፒውተር። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚታየው የመነሻ ታይሚንግ ይባላል፤ ክብደቶቹ እስከ መጨረሻ ሲከፈቱ በዚያ ላይ የሚደመረውን አክለን የምናገኘው ጠቅላላ ታይሚንግ ነው። ለፍጥነት የተዘጋጀ የጀልባ ሞተር ዕድሜውን የሚወስነው ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው።

የመኪና ሞተር በሜዳ መንገድ ላይ ከጉልበቱ የሚጠቀመው ትንሹን ክፍል ነው፤ በየመሐሉም ጋዙ ይለቀቃል፣ ማርሽ ይቀየራል፣ ሞተሩ ያርፋል። ጀልባ ግን ሙሉ ጭነት ይዞ ማለቂያ የሌለው ዳገት እንደሚወጣ መኪና ነው። ውልብልቢቱ ውኃውን መግፋት አያቋርጥም፤ በአብዛኞቹ ጀልባዎች ላይም የሚቀየር ማርሽ የለም። አሽከርካሪው ጋዙን እስከ መጨረሻ ከፍቶ ደቂቃዎች ሲያልፉ፣ በመኪና ላይ ለአፍታ ታይቶ የሚጠፋው ስህተት እዚህ ያለማቋረጥ ይደበድባል። የመኪና ዲስትሪቢውተሮች ብዙውን ጊዜ ያላቸው በቫኪዩም የሚሠራ ተጨማሪ ማስቀደሚያ በጀልባ ሞተር ላይ በአብዛኛው የማይገኘውም ለዚህ ነው፤ እርሱ የተሠራው ሞተሩ ብዙም ሳይጫን ለሚሄድበት ጊዜ ነውና።

ለዚህ ነው የፈጣን ጀልባ ታይሚንግ ከላይ ወደ ታች መስተካከል አለበት የምለው። ብዙ ሰው ሞተሩን ቀስ ብሎ እያዞረ 10 ዲግሪ ላይ ያቆምና ሥራው አለቀ ይላል። ዲስትሪቢውተሩ 22 ዲግሪ የሚጨምር ከሆነ ጠቅላላው 32 ይሆናል፤ መልካም። የክብደቶቹ ማቆሚያ ተቀይሮ 26 የሚጨምር ከሆነ ግን 36 ይሆናል፣ ዝቅ ባለው ዙር ላይም ምንም የሚያስጠነቅቅ ምልክት አይታይም። ስለዚህ በመጀመሪያ ጠቅላላውን መያዝ፣ መነሻው ከዚያ በኋላ የሚያርፍበትን መመልከት ይሻላል። የቆየ ዓይነት ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ያለው የሸቭሮሌት ትንሹ ቪ8 ብዙውን ጊዜ ከ32 እስከ 36 ዲግሪ ይወድዳል፤ ድብልቁን ፈጥነው የሚያነዱ አዳዲስ ቴስታታዎች ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይበቃቸዋል። ሱፐርቻርጀር ወይም ተርቦ (አየሩን አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የተገጠመለት ሞተር ድብልቁ ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚገባና ስለሚሞቅ የበለጠ መዘግየት አለበት። የሞተሩ አምራች የጻፈው ቁጥር ካለ ግን ከእኔም ከሌላውም ቁጥር ይቀድማል።

ከዚያ በፊት ግን የምናነበው ምልክት እውነተኛ ነው ወይ? ታይሚንግ የሚነበበው የአንደኛው ሲሊንደር ካንዴላ እሳት በሰጠ ቁጥር ብልጭ በሚል የታይሚንግ መብራት፣ ከሞተሩ ፊት ክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ በሚዞረው ባላንሰር ላይ ካለው ምልክት ነው። የባላንሰሩ የውጪው ቀለበት ከውስጠኛው ጋር በጎማ የተጣበቀ ነው። ጎማው ሲያረጅ ቀለበቱ ይንሸራተታል፣ የዜሮ ምልክቱም አብሮት ይሄዳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የባትሪው ገመድ ይነቀላል፣ የአንደኛው ሲሊንደር ካንዴላ ይወጣል፣ በቦታው ፒስተኑን መንገድ ላይ የሚያስቆም መወርወሪያ ይገባል። ሞተሩ በእጅ ወደ አንድ አቅጣጫ ቀስ ተብሎ እስኪቆም ይዞርና ጠቋሚው ትይዩ ባላንሰሩ ላይ መስመር ይሰመራል፤ ወደ ሌላው አቅጣጫም እንዲሁ። የሁለቱ መስመሮች እኩሌታ እውነተኛው ዜሮ ነው። ፋብሪካው ካሰመረው ጋር ካልገጠመ እስከ ዛሬ በመብራት የተነበበው ቁጥር ሁሉ ዋጋ የለውም።

ዜሮው ከተገኘ ቀሪው የሜትር ሥራ ነው። 36 ዲግሪ የክብ አንድ አሥረኛ ነው። ዲያሜትሩ 203 ሚሊሜትር የሆነ ባላንሰር ዙሪያው 638 ሚሊሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ከዜሮ ተነስቶ ሞተሩ ወደሚዞርበት አቅጣጫ 64 ሚሊሜትር ሲለካ የ36 ዲግሪው መስመር እዚያ ያርፋል። አንዱ ዲግሪ ከ2 ሚሊሜትር ያነሰ በመሆኑ ወፍራም የቀለም መስመር ወይም ከጎን ሆኖ ማየት በቀላሉ ሁለት ዲግሪ ያሳስታል። መንታ ሞተር ባላቸው አንዳንድ ጀልባዎች ላይ ደግሞ አንዱ ሞተር በተቃራኒው ይዞራል፤ እዚያ ልኬቱም ይገለበጣል።

አሁን ሞተሩ ይነሣል፤ ግን ሁለት ነገሮች ይቀድማሉ። የሞተሩ ክፍል ዝግ ጎድጓዳ ቦታ ስለሆነ የቤንዚን ትነት ከታች ይተኛል፤ ስለዚህ ማናፈሻው ቢያንስ 4 ደቂቃ መሥራት አለበት። በዚሁ ምክንያት የመኪና ዲስትሪቢውተር ርካሽ ነው ተብሎ ጀልባ ላይ አይገጠምም፤ የጀልባው የተሠራው በውስጡ ያለው ብልጭታ ውጪ ያለውን ትነት እንዳያቀጣጥል ሆኖ ነው። ሁለተኛው ውኃ ነው። ጀልባው ጋሪ ላይ ከሆነ የማቀዝቀዣው ፓምፕ ከቧንቧ ውኃ ማግኘት አለበት፤ በደረቁ ከዞረ የጎማ ክንፎቹ ወዲያው ይቃጠላሉ። ከፍ ያለ ዙር የሚጠይቀውን ልኬት በተለይ ጀልባው በደንብ ታስሮ ውኃ ላይ እንዳለ መሥራት ይመረጣል።

የታይሚንግ መብራቱ መቆንጠጫ በአንደኛው ሲሊንደር ገመድ ላይ ይገባል። ዙሩ ከፍ ሲል የሚታየው መስመር ይንቀሳቀሳል፤ ከአንድ ደረጃ በላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ3,000 አካባቢ፣ መንቀሳቀሱን ያቆማል። ጠቅላላው ታይሚንግ የሚነበበው ያኔ ነው። ለማስቀደም የዲስትሪቢውተሩ አካል ውስጡ ካለው ሮተር መዞሪያ በተቃራኒ ይዞራል። በጣም በጥቂቱ ብቻ፤ ዲስትሪቢውተሩ በክራንክሻፍቱ ግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር እዚያ የተነካው አንድ ዲግሪ ክራንክሻፍቱ ላይ ሁለት ይሆናል። አንዳንድ የኤሌክትሮኒክስ ሞጁሎች መጀመሪያ በመመሪያቸው መሠረት በመነሻ ታይሚንግ ላይ መቆለፍ አለባቸው፤ አለዚያ ራሳቸው እያስቀደሙ ልኬቱን ያበላሹታል። በአንድ ጊዜ ብዙ ብልጭታ የሚሰጡ ሲስተሞች ደግሞ ዲግሪ ማስተካከያ ያለውን መብራት ያደናግራሉ፤ ለእነርሱ ተራው መብራትና በባላንሰሩ ላይ የተለካው መስመር ይበልጣሉ።

ምርጡን ቁጥር የሚናገረው ግን ውኃው ነው። ውልብልቢቱ ስላልተቀየረ በሙሉ ጋዝ ላይ የሚገኘው ከፍተኛ ዙር ራሱ የጉልበት መለኪያ ነው። ከዝቅተኛው፣ ለምሳሌ ከ30፣ ተነስቶ ሁለት ሁለት ዲግሪ እየጨመሩ በተመሳሳይ ጭነትና በተመሳሳይ ውኃ ላይ ዙሩን መመዝገብ ነው። ሁለት ዲግሪ ተጨምሮ ዙሩ ካልጨመረ ወደ ኋላ ይመለሱ። ጉልበት ያልሰጡት ዲግሪዎች የሚሰጡት ግፊትና ሙቀት ብቻ ነው። እሳቱ ከልክ በላይ ሲቀድም ነበልባሉ ያልደረሰበት የድብልቁ ቅሪት በራሱ ይፈነዳል፤ ይህ ማንኳኳት የፒስተኑን የፋሻ (የቀለበት) መቀመጫ ይሰብራል፣ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ያቃጥላል። በጀልባ ላይ ደግሞ አይሰማም፤ የጭስ ማውጫው፣ የውኃውና የነፋሱ ድምፅ ይውጠዋል። ምስክሩ ካንዴላው ነው። ከሙሉ ጋዝ ሩጫ ላይ ሞተሩ በድንገት ጠፍቶ ካንዴላው ሲወጣ በነጩ ሸክላ ላይ እንደ በርበሬ ፍሬ የተበተኑ ጥቋቁር ነጥቦች ወይም የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ጠብታዎች ከታዩ፣ አሉሚኒየሙ ከፒስተኑ ላይ የመጣ ነውና ሩጫው እዚያው ያቁም።

ማዘግየትም በነፃ አይደለም። ዘግይቶ የተለኮሰው ድብልቅ ነዶ ሳያልቅ ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ቫልቮቹን፣ የጭስ ማውጫ መስመሩንና የጎማ ቱቦዎቹን ያሞቃል፣ ጉልበቱም ይሞታል። ቢሆንም ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ከተባልኩ የዘገየውን እመርጣለሁ፤ እርሱ በሙቀት መለኪያው ላይ ይታያል፣ የቀደመው ግን ፒስተን ሲበሳ ነው የሚታወቀው። ለወራት ታንከር ውስጥ የተቀመጠ ወይም ኦክቴኑ (በራሱ እንዳይፈነዳ ያለው አቅም) ያነሰ ቤንዚን ከተሞላ፣ ወይም ከሞተሩ አቅም በላይ የሚጎትት ትልቅ ውልብልቢት ከተገጠመ፣ ትናንት ደኅና የነበረው 34 ዛሬ ብዙ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ ሲገኝ የዲስትሪቢውተሩ ማሰሪያ ይጠብቃል፣ ከዚያም መብራቱ እንደገና ይያዛል። ብሎኑ ሲጠብቅ አካሉን አንድ ሁለት ዲግሪ ይዞ መዞሩ የተለመደ ነው።