የሚዋዥቅ ቢልድ ምንድን ነው? ላብቪው አንዴ እሺ፣ አንዴ እምቢ ሲል

ኮድ ተጠቃሚው ጋ ደርሶ የሚከፈት ፕሮግራም እስኪሆን የሚያልፍበት ሂደት ቢልድ ይባላል። ብዙ ቡድኖች ይህን በእጃቸው አይሠሩትም። ጄንኪንስን የመሰለ መሣሪያ ሰርቨር ላይ ይጭኑና አዲስ ኮድ በገባ ቁጥር ወይም በየሌሊቱ ራሱ እንዲሠራው ያደርጋሉ። ጠዋት ሲገቡ ውጤቱን ያያሉ። ወይ አልፏል፣ ወይ ወድቋል።

አሁን ያው ኮድ ሰኞ ሌሊት አልፎ ማክሰኞ ሌሊት ወደቀ እንበል። በመሃል ማንም አልነካውም። ረቡዕ ደግሞ አለፈ። ፕሮግራመሮች ፍሌኪ የሚሉት፣ እኔ የሚዋዥቅ ቢልድ ያልኩት ይህን ነው። ሁልጊዜ የሚወድቅ ቢልድ ከዚህ በብዙ ይሻላል። እሱን ይዛችሁ ትመረምሩታላችሁ። የሚዋዥቀው ግን ልትመረምሩት ስትቀመጡ ደህና ሆኖ ይጠብቃችኋል።

የዕድል ጉዳይ ግን አይደለም። ቢልድ ከኮዱ ሌላ ብዙ ግብዓት አለው። ውጤቱ ከተዋዠቀ ከነዚህ ግብዓቶች አንዱ ሳናውቀው እየተቀያየረ ነው። ላብቪው ላይ ደግሞ እንዲህ ዓይነት የተደበቀ ግብዓት ይበዛል።

ላብቪውን ናሽናል ኢንስትሩመንትስ የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ለማኪንቶሽ አወጣው። ኮዱ አይጻፍም፣ ይሳላል። ሳጥኖች ታስቀምጣላችሁ፣ በሽቦ ታገናኛላችሁ፣ መረጃው በሽቦው ላይ ይፈሳል። ከመለኪያ መሣሪያ ጋር የሚሠሩ መሐንዲሶች ይወዱታል። የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል ሰርን በትልቁ የቅንጣት ማፋጠኛው ላይ ጨረሩን የሚያጠሩትን ኮሊሜተሮች ለመቆጣጠር ተጠቅሞበታል። እያንዳንዱ የፕሮግራም ክፍል ቪአይ ይባላል። ተጠቃሚው የሚያየው ፍሮንት ፓነል አለው፣ ኮዱ የተሳለበት ብሎክ ዲያግራም አለው።

ቪአይ እንደ ሌላ ቋንቋ ኮድ በኖትፓድ የሚነበብ ጽሑፍ አይደለም። ባይነሪ ፋይል ነው። ሥዕሉም፣ ከሥዕሉ የተገኘው የማሽን ኮድም በነባር አሠራር እዚያው አንድ ፋይል ውስጥ ናቸው። ላብቪው 2010 ላይ ሁለቱን የመለየት አማራጭ መጣ። ሥዕሉ ቪአዩ ውስጥ ይቀራል፣ ኮምፓይል የተደረገው፣ ማለትም ወደ ማሽን ኮድ የተቀየረው፣ ካሽ በሚባል ማከማቻ ውስጥ ይገባል። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውን ጊትን ለሚጠቀም ቡድን ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ምንም ያልተነካ ቪአይ ዝም ብሎ «ተቀይሯል» እየተባለ አያስቸግርም። ግን ልብ በሉ፣ ካሹ በነባር አቀማመጡ የሚቀመጠው በተጠቃሚው የዶክመንትስ ፎልደር ውስጥ ነው። እናንተ የራሳችሁ ካሽ አላችሁ። ጄንኪንስ የሚሠራበት አካውንት ደግሞ የራሱ አለው። «እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» የሚለው ንግግር ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው እውነት የሚሆነው። ኮዱ አንድ ነው፣ ካሹ ግን ሌላ ነው። ያረጀ ወይም የተበላሸ ነገር አንዱ ካሽ ውስጥ ካለ ያ ብቻ ይወድቃል።

ከካሹ ቀጥሎ ሜሞሪው አለ። ላብቪው ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ቪአዮችን፣ ላይብረሪ በሚባል የቪአዮች ስብስብ ውስጥ ካልገቡ፣ በአንድ ፕሮጀክት ሥር በአንድ ጊዜ አብሮ አይዝም። ቀድሞ የተጫነው ያሸንፋል። ለምሳሌ ፕሮጀክቱ ውስጥ «ሪድ ሰንሰር» የሚባል ቪአይ አለ። አንድ ሰው ድሮ «ባክአፕ» በሚል ፎልደር ውስጥ የገለበጠው ሌላ «ሪድ ሰንሰር» ደግሞ እዚያው ሰርቨር ላይ ተኝቷል። ከዚህ በፊት የተሠራው ቢልድ አሮጌውን ጭኖ ላብቪውና ፕሮጀክቱ ሳይዘጉ ከቀሩ፣ ቀጣዩ ቢልድ ከአሮጌው ጋር ይገናኛል። ክሮስ ሊንክ የሚሉት ነው። አሮጌው አንድ መግቢያ፣ ሽቦ የሚገባበት ቦታ፣ ከጎደለው ጠሪው ቪአይ ሽቦው ይሰበርና ቢልዱ ይወድቃል። ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ «ተስተካከለ» ይባላል። አልተስተካከለም፤ የአጫጫኑ ተራ ነው የተቀየረው።

ያኔ ሎጉ፣ የቢልዱ መዝገብ፣ ላይ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ኤረር 1502 ነው። መልእክቱ የተበላሸን ቪአይ ያለ ብሎክ ዲያግራሙ ማስቀመጥ አይቻልም ይላል። አነጋገሩ ግራ ያጋባል፣ ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። ላብቪው የመጨረሻውን ፕሮግራም ሲሠራ ሥዕሉን አውጥቶ የማሽን ኮዱን ብቻ ያስቀራል። ቪአዩ ኮምፓይል ካልሆነ የሚያስቀረው ነገር የለም፣ ስለዚህ ይቆማል። የሚያናድደው ያንኑ ቪአይ እናንተ ስትከፍቱት ማስኬጃው ቀስት ደህና መሆኑ ነው። የቢልዱ ቅንብር ውስጥ ዲበጊንግ (ስህተት ፍለጋ) የሚለውን ስታበሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ ምክንያቱም ያኔ ሥዕሉ አይወጣም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ይህን እንደ መፍትሔ አልቆጥረውም። ሲበራ ካለፈና ሲጠፋ ከወደቀ የተሰበረው ቪአይ እዚያው እንዳለ አወቃችሁ ማለት ነው። መረጃ ነው፣ ያዙት፣ ፍለጋውን ግን አታቁሙ።

ሌላው የዊንዶውስ ነው። የፋይል አድራሻ በነባሩ ከ260 ፊደል መብለጥ አይችልም። ከላብቪው 2009 ወዲህ የሚሠራው ፕሮግራም በውስጡ የፎልደሮቹን አደረጃጀት እንዳለ ይዞ ስለሚሄድ አድራሻው ይረዝማል። እንበል ፕሮጀክቱ ውስጥ ያለው ረጅሙ አድራሻ 190 ፊደል ነው። እናንተ ሲ ድራይቭ ላይ አጭር ፎልደር ውስጥ ነው የምትሠሩት፣ ችግር የለም። ሰርቨሩ ግን የሥራውን ስምና የብራንቹን፣ ማለትም ጊት ላይ የተለየውን የኮድ ቅርንጫፍ፣ ስም ከፊት ይጨምራል። ብራንቹ «ፊክስ» ከተባለ ጠቅላላው 240 ይሆንና ያልፋል። አንዱ ባልደረባ ብራንቹን የችግሩን ሙሉ መግለጫ አድርጎ ሲሰይመው 275 ይደርስና ይወድቃል። ከውጭ ለሚያየው ያለ ምክንያት የሚዋዥቅ ይመስላል። የሚወስነው ግን የስም ርዝመት ነው። የሰርቨሩን ፎልደር አጭር ማድረግ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ከሁሉ በፊት አድርጉት።

አንቲቫይረሱም አለ። ላብቪው አዲስ ፋይል ጽፎ ገና ሳይጨርስ አንቲቫይረሱ ከፍቶ ይፈትሸዋል፣ ላብቪው ተመልሶ ሊጽፍበት ሲል የፈቃድ ችግር፣ ኤረር 8፣ ይመጣል። የቢልዱን ፎልደር ከፍተሻ ማስወጣት ይህን ይፈታል። ኃላፊነቱ የአይቲ ክፍል ስለሆነ ግን ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ። የማይክሮሶፍት ፕሮሰስ ሞኒተር ፋይሉን በዚያች ሰከንድ ማን እንደያዘው በግልጽ ያሳያል።

ጄንኪንስ እንደ ዊንዶውስ ሰርቪስ፣ ከጀርባ ሆኖ፣ ሲሠራ ደግሞ ስክሪን የለውም። ላብቪው «ይህን ቪአይ ላገኘው አልቻልኩም፣ የት አለ?» ብሎ መስኮት ቢከፍት የሚመልስለት የለም። ቢልዱ ጊዜው እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል። ላብቪው 2018 ላይ የመጣው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ደግሞ ከላብቪው ጋር የሚነጋገረው በኔትወርክ ፖርት ነው፤ ነባሩ 3363 ነው። አንድ ማሽን ላይ ሁለት ቢልድ በአንድ ጊዜ ከተነሳ ሁለቱም ያንኑ ላብቪው ይይዙና አንዱ ሲጨርስ በሌላው ላይ ሊዘጋበት ይችላል። በአንድ ማሽን አንድ ቢልድ ብቻ ይሂድ።

ታዲያ ከየት ይጀመራል? የመጀመሪያው ግብ ቢልዱ እንዲያልፍ ማድረግ አይደለም። ሁልጊዜ እንዲወድቅ ማድረግ ነው። የሚያስወድቀውን ነገር ካገኛችሁት ማስተካከሉ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። አንድ ኮሚት፣ ጊት ላይ የተመዘገበ አንድ የኮድ ሁኔታ፣ ምረጡና አትቀይሩት። በሰርቨሩ አካውንት ግቡ፣ በራሳችሁ አካውንት አይደለም። ላብቪውን ሙሉ በሙሉ ዝጉ፣ ካሹን አጽዱ፣ ኮዱን አዲስና አጭር ስም ባለው ፎልደር ውስጥ አውርዱ፣ ከዚያ ቢልድ አድርጉ። እያንዳንዱ ሙከራ ላይ የላብቪውን ስሪት፣ 32 ቢት ይሁን 64፣ ሙሉ አድራሻውን፣ ከዚያ በፊት ምን እንደሄደ ሎጉ ውስጥ ጻፉ። ንጹሕ ሆኖ ሁልጊዜ ካለፈ አንድ በአንድ መልሱ። መጀመሪያ አሮጌውን ካሽ፣ ከዚያ ያልተዘጋውን ላብቪው፣ ከዚያ ረጅሙን አድራሻ። ሁለት ነገር በአንዴ ከመለሳችሁ የትኛው እንደሆነ አታውቁም። የዚህ ሥራ ትዕግሥት ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ሰውም የሚሰላቸው እዚህ ላይ ነው።

ሲወድቅ ሦስቴ ራሱ ደግሞ እንዲሞክር ማዘዝ የተለመደ ነው። እቃወማለሁ፣ ምክንያቴም ከጊዜ ብክነት ይበልጣል። ወደ «ባክአፕ» ፎልደሩ ልመልሳችሁ። አሮጌው «ሪድ ሰንሰር» መግቢያዎቹ ከአዲሱ ጋር አንድ ቢሆኑ፣ የተለየው ውስጡ ያለው ስሌት ብቻ ቢሆን፣ ሽቦ አይሰበርም፣ ኤረር አይመጣም። ቢልዱ ያልፋል። ተጠቃሚው ጋ የሚደርሰው ፕሮግራም ግን ባለፈው ዓመት ስሌት ሙቀት የሚለካ ይሆናል። ስለዚህ የሚዋዥቅ ቢልድ ካላችሁ ያለፉትንም ፈትሹ። የፕሮጀክቱ መስኮት ውስጥ ዲፔንደንሲስ የሚለውን ዘርግታችሁ ከፕሮጀክቱ ፎልደርና ከላብቪው የራሱ ፎልደር ውጭ የመጣ ቪአይ ካለ አንድ በአንድ ከየት እንደመጣ እዩ። ግጭት ካለ ላብቪው ራሱ በቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት ያሳያችኋል። ግጭቱን ፍቱና «ባክአፕ» ፎልደሩን ከሰርቨሩ ላይ አጥፉት። ጊት እያለ አያስፈልግም።